የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ በደጋ አገር፤ ጉድለቱ ከዕቃው ነው ወይስ ከቦታው?

ፍሪጅ ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ነጋዴ ሥራውን የፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ዕቃው በገዢው ቤት በሚገባ ካላቀዘቀዘ፣ ገዢው የሚወቅሰው በሩቅ አገር ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን ፊቱን የሚያውቀውን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ቸርቻሪው የፍሪጅን ጉድለት ከነምክንያቱ ለይቶ ማወቁ ለትርፉም ለስሙም ይጠቅመዋል።

ለምሳሌ ያህል፣ በቀየት ደጋ የሚኖር አንድ ባለሱቅ በኅዳር ወር አዲስ ፍሪጅ ገዛ እንበል። ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ነው፤ ወራቱም ሌሊት ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ነው። በታችኛው ክፍል ያስቀመጠው ወተት ቀዝቅዞ ሳለ፣ በላይኛው የበረዶ ክፍል ያኖረው ሥጋ ለስልሶ ውሃ ያንጠባጥባል። ጠጋኝ ቢያስመጣ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ጋዝ ይጨምርበታል፤ ዋጋውም ይከፈላል፤ ሥጋው ግን እንደ ለሰለሰ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ገዢው ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሲመረመር ሻጩም አላታለለ፣ ዕቃውም አልተበላሸ ይሆናል።

ምክንያቱን ለመረዳት የፍሪጅን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። ፍሪጅ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ኮምፕረሰር የተባለው ሞተር ጋዙን እየጨመቀ ከኋላ ወይም ከጎን ወዳለው ኮንደንሰር ይልከዋል። ጋዙም ሙቀቱን በዚያ ለቤቱ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም በቀጭን ቧንቧ አልፎ ወደ በረዶው ክፍል ሲደርስ እየተነነ ሙቀት ይስባል። ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያሳርፈው ቴርሞስታት ነው። በብዙዎቹ ተራ ፍሪጆች ቴርሞስታቱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚለካውም የታችኛውን ክፍል ነው። እንግዲህ ቤቱ ራሱ ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከወረደ፣ ታችኛው ክፍል ያለ ሞተር ዕርዳታ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቈያል፤ ቴርሞስታቱም ሞተሩን ከሚገባው በላይ ያሳርፈዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን የሚገባው የበረዶ ክፍል ግን ሞተሩ ካልሠራለት ይቀልጣል። የቤቱ ብርድ ፍሪጁን ከማቀዝቀዝ የሚከለክለው በዚህ መንገድ ነው።

ፋብሪካዎችም ይህን ስለሚያውቁ እያንዳንዱ ፍሪጅ ለምን ዓይነት አየር እንደ ተሠራ በጀርባው ወይም በውስጡ በተለጠፈው ጽሑፍ ያመለክታሉ። ምልክቱ አራት ዓይነት ነው። በላቲን ፊደል «ኤስ ኤን» የተባለው ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» የተባለው ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» የተባለው ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» የተባለውም ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቤት እንዲሠራ የታሰበ ነው። «ከኤስ ኤን እስከ ቲ» የሚል ካለበት ከ10 እስከ 43 ዲግሪ ይችላል ማለት ነው።

አፍሪካ ሁሉ ሞቃት ነው ብሎ «ቲ» ብቻ የሚያዝ አስመጪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ አንድ ጭነት ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ሌላው በሞላሌ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወደምትገኘው መሐል ሜዳ ይዘልቃል። ለሸዋ ሮቢት ተስማሚ የሆነው ዕቃ ለመሐል ሜዳ ላይስማማ ይችላል።

ገዢው ቅሬታ ባቀረበ ጊዜ፣ ጠጋኝ ከመጠራቱ በፊት ምርመራው በሚከተለው ተራ ቢሆን ይመረጣል።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ። በሩ ሲከፈት የውስጡ መብራት ይበራ እንደ ሆነ፣ ሶኬቱም የጠበቀ እንደ ሆነ ይታይ። ኃይሉ ከ220 ቮልት እጅግ ሲወርድ ሞተሩ እያቃሰተ መነሣት ያቅተዋል፤ በዚህም ሊቃጠል ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም 5 ደቂቃ ያህል ሳይቈዩ ማስነሣት ጉዳት አለው። ስለዚህ አዘግይቶ የሚያበራ የኃይል መጠበቂያ አብሮ መሸጥ ይበጃል።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ሙቀት። ቴርሞሜትር ሌሊቱን ከፍሪጁ አጠገብ ይደር። ከምልክቱ በታች ከወረደ ፍሪጁ ወደ ሞቀው ክፍል ይዛወር፤ ነገር ግን ከምድጃ ይራቅ። አንዳንዱ ፍሪጅ ለብርድ ወራት የተሠራ ማብሪያ ስላለው መመሪያው ይነበብ። ቴርሞስታቱን ወደ ብርቱ ብርድ ማዞር ጥቂት ቢረዳም በታች ያለውን አትክልት ሊያደርቀው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የበሩ ጎማ። በጎማው መካከል ወረቀት አግብቶ በሩን ዘግቶ መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ አየር ይገባል፤ ጎማው በለብታ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ካልረዳም ይለወጥ።

አራተኛ፣ አቧራና አቀማመጥ። ኮንደንሰሩ ከአቧራ ይጠረግ፤ በስተኋላውም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳ ይራቅ። የተጋገረ በረዶ ካለ ፍሪጁ ተነቅሎ በራሱ ይቅለጥ፤ በቢላዋ መፈቅፈቅ ቧንቧውን ይበሳል።

አምስተኛ፣ ጕዞው። በመኪና ላይ ተጋድሞ የመጣ ፍሪጅ ዘይቱ ከሞተሩ ስለሚሸሽ፣ ቀጥ ብሎ አንድ ሌሊት ሳያድር አይሰካ።

ጋዝ የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ቤቱም ሞቆ፣ ሞተሩ ሳያርፍ እየሠራ ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ብቻ ነው። ጋዝ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ስለሚዞር እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ከጐደለ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መጨመር በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መስፈር ነው። የጋዙም ዓይነት በጽሑፉ ላይ ስለ ተመለከተ ሌላ አይቀላቀልበት። በዛሬዎቹ ብዙ ፍሪጆች ያለው «አር 600 ኤ» የተባለው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑ፣ ሥራውን ላልተማረ ሰው አሳልፎ መስጠት ለሕይወትም ያሰጋል።

እንግዲህ አስመጪ ከማዘዙ በፊት የአየሩን ምልክት ይጠይቅ፤ ባለሱቅም ከመሸጡ በፊት ገዢውን «ፍሪጁ የሚቀመጠው በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ቤት ነው?» ይበለው። ከሽያጭ በፊት የተጠየቀ አንድ ጥያቄ ከሽያጭ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ክርክር ያስቀራል።