ማስታወቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ነገር መድረሱ ሌላ ነው፤ ነገር መታወቁ ሌላ ነው። ተምች ማሳ ሲበላ ባለማሳው ያያል፤ ጎረቤቱም ያያል። የግብርና ባለሙያው ካልሰማ ግን ለሁለቱም መድኃኒት አይመጣም። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው «ማስታወቅ» የሚለውን ቃል ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን ከሥሩ እንመልከት።

አወቀ፦ ሰውየው ራሱ ነገሩን አገኘው፤ ተረዳው።
ታወቀ፦ ነገሩ በሌሎች ሰዎች ዘንድ ተሰማ።
አሳወቀ፦ ለአንድ ሰው ወይም ለጥቂት ሰዎች ነገረ።
አስታወቀ፦ ለብዙ ሰው፣ ለሕዝብ፣ በግልጽ ተናገረ።

«ማስታወቂያ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው።

እንግሊዞች ለዚህ ሥራ «ፐብሊሳይዝ» የሚል ግስ አላቸው። «ፐብሊክ» ማለት ሕዝብ ወይም የሕዝብ የሆነ ማለት ነው። እነሱ በቃሉ ውስጥ ሕዝብን አስገቡ፤ እኛ ደግሞ ማወቅን አስገባን። ሁለቱን ብናገናኛቸው ትርጉሙ ይሞላል። ማስታወቅ ማለት ሕዝብ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

በአነጋገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለአንድ ወዳጅ በጆሮው መንገር ማስታወቅ አይባልም። ማወጅም ሌላ ነው፤ የሚያውጀው መንግሥት ነው። ማስታወቅ ግን ማንም ሰው ይችላል። ወሬ መንዛትም ማስታወቅ አይደለም። ወሬኛ «ማን አለ?» ሲሉት ይሸሻል፤ የሚያስታውቅ ሰው ግን ስሙን ከነገሩ በታች ይጽፋል።

ምሳሌ ከአዲስ አበባ፣ ከልደታ እንውሰድ። በልደታም ሆነ በሌላው የከተማው ሰፈር የቆየ የዕድር ልማድ አለ። ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። የሰማ ሁሉ ተነሥቶ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ያመጣል። ጥሩምባ ነፊው ቢያለቅስ ብቻ ኖሮ ሰው ያዝን ነበር እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ስለ ነገረ ግን ሥራ ተሠራ።

በዚያው በልደታ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት አለ። በፍትሐ ብሔር ክርክር ተከሳሹ ተፈልጎ ቢታጣ፣ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በቤቱ ላይ እንዲለጠፍ ወይም በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ መጥሪያው ለሰውየው እንደ ደረሰ ይቆጠራል። በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቢቀር ክርክሩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። እንግዲህ የተለጠፈ ወረቀት አይቶ ማለፍ መሬትን ወይም ቤትን ሊያስከትል ይችላል። ፊደል መቁጠር ለዚህም ይጠቅማል፤ በስማችን የተነገረውን እንድንሰማ ያደርገናል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረሀብ ነበር። ገበሬው እህሉ አለቀ፤ ከብቱ አለቀ፤ ቤተሰቡን ይዞ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አነሡ፤ ተመልሰውም በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። የፊልሙ ስም «ያልታወቀው ረሀብ» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ያልታወቀው ለማን ነው? የወሎ ገበሬ አያውቀውም ነበር? ያውቀዋል እንጂ! ልጁን የቀበረ ሰው ረሀብን እንዴት አያውቅም? ረሀቡ ታውቆ ነበር፤ አልተስታወቀም እንጂ። በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ጊዜ ብዙ ሰው አለቀ። ያው ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ከ10 ዓመት በኋላም ነገሩ ተደገመ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረሀብ መኖሩን በ1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ተናግሮ ነበር፤ የመጣው እርዳታ ግን ከችግሩ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም፣ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር፣ በቢቢሲ ታየ። ያን ጊዜ ዓለም ተንቀሳቀሰ። ያም ሆኖ ፊልም አንሺው እስኪመጣ መጠበቅ ለሞተው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ የራሳችንን ነገር ራሳችን ማስታወቅ እንልመድ። «ተቸግረናል» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። እንዲህ ብንጽፍ ይሻላል፦

«የመንደራችን የውሃ ፓምፕ ከኅዳር 3 ቀን ጀምሮ ተበላሽቷል። 40 አባወራዎች ነን። ውሃ ለመቅዳት 2 ሰዓት እንጓዛለን። ጠጋኝ እንዲላክልን እንጠይቃለን።»

ምን ሆነ፣ መቼ፣ በስንት ሰው ላይ፣ ምን ይደረግልን የሚለው ሁሉ አለበት። ቁጥሩንም አናብዛ። 40ውን 400 ብንል መጥቶ የሚቆጥር ሰው 40 ያገኛል፤ በሌላ ጊዜ እውነቱን ብንናገርም አያምነንም። ከጻፍን በኋላ ስማችንንና ቀኑን እናኑርበት፤ አንዱን ቅጂ እኛ ዘንድ እናስቀር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ«አሳወቀ» እና በ«አስታወቀ» መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. ጥሩምባ ነፊው የቀብሩን ሰዓት ሳይናገር ቢቀር ምን ይሆን ነበር?
3. በአካባቢያችሁ ሁሉም የሚያውቀው፣ ነገር ግን ያልተስታወቀ ችግር አለ? በ5 መስመር ጻፉትና ለጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። የቀረ ነገር ካለ እነሱ ይጨምሩበት።