ደስታና ኩፍኝ

የወንድሜ ልጅ፣

ቅዳሜ ለሚ ገበያ ላይ፣ ከሰፈራችሁ በታች ሕፃናት በኩፍኝ ተኝተዋል ሲባል ሰማሁ። ልጅሽ ገና 8 ወሩ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ይህን ጻፍኩልሽ። አጎትሽ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከብት ስከትብ ነው። ግን አድምጪኝ፤ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታና የሰው ኩፍኝ ከአንድ ግንድ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው።

1. ኩፍኝን እንደ ልጅነት ዕዳ አትቁጠሪው። አያትሽ ልጆቿን ኩፍኝ እስኪያልፍላቸው አትቆጥርም ነበር፤ ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ዝም ትል ነበር። ምርጫ ስላልነበራት አልፈርድባትም። አንቺ ግን ምርጫ አለሽ፤ እሱም ክትባት ነው። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያኖች በምጽዋ ባስገቡት ከብት ደስታ አገር ውስጥ ሲዛመት፣ በሬ አልቆ ክፉ ቀን ሆነ፤ ሰው በዶማ ቆፈረ። (ያንን የመሰለ መዓት ለምን ደስታ እንዳሉት እንጃ፤ ክፉን በደግ ስም ማባበል ልማዳችን ነው።) ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው። የኩፍኙም ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአገራችንም መደበኛው የክትባት ፕሮግራም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ለበሬ የተቻለ ነገር ለልጅ ሲያቅተን ማየት እኔን ያሳፍረኛል።

2. ዛሬውኑ ጤና ኬላ ሂጂ። መደበኛው ክትባት በ9 ወር ነው፤ ወረርሽኝ ሲገባ ግን ከ6 ወር ጀምሮ ሊሰጥ ይችላልና ጠይቂ። ከሰጡሽም የ9 ወሩን አይተካም። ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወር ነው፤ ይህ በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። “አንዴ ተወግቷል፣ ምን ያደርጋል?” የሚሉሽን አትስሚ። በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ልጆች ወደ 15 የሚሆኑት በመጀመሪያው አይጠበቁም። የደስታ ክትባት ለላም አንዴ ይበቃት ነበር፤ የልጅ ግን እንዲያ አይደለም።

3. ምልክቱን ቶሎ ለዪ። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ነው፤ ጉንፋን ይመስላል። ሽፍታው ከቀናት በኋላ ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ክፋቱ፣ ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፉ ነው። ታማሚው ከቤት ከወጣ በኋላም ተሐዋሲው አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል።

4. ከያዘውስ? እዚህ ላይ ነው የምቆጣሽ። ታናሽ እህቴ ሲይዛት “መርፌ ያየ ኩፍኝ ይገድላል፣ ብርሃን አይወድም” ብለው ጨለማ ጓዳ አስተኟት። ሽፍታው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብለው ገላዋንም አላጠቡም። ሕይወቷ ተረፈ፣ አንድ ዓይኗ ግን ጠፋ። ዛሬ ለዓይን ቫይታሚን ኤ አለ፤ ለታመመ ልጅ በጤና ባለሙያ እጅ ሁለት ቀን ተከታትሎ ይሰጣል። ሌላው ሥራ የአንቺ ነው፦ ጡት አታቋርጪ፣ ውሃና አጥሚት ቶሎ ቶሎ ስጪ፣ ተቅማጥ ከመጣ ኦ.አር.ኤስ በጥብጪ፣ ዓይኑን በንጹሕ ውሃ እጠቢ፣ መስኮት ክፈቺ። ተሐዋሲውን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ልጅን የሚገድለው በብዛት ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

5. ለኩፍኝ ቡና የሚፈላበት ወግ አለ። ቡናውን ጠጪው፤ ጎረቤት ልጆቹን አስከትሎ እንዲመጣ ግን አትጥሪ። በቡናው ቆሎ ዙሪያ ስንቱ ልጅ እንደታመመ! ሽፍታው ከወጣ እስከ 4 ቀን ልጅሽን ከሌሎች ለይተሽ አቆዪው። አብሮት የነበረ ያልተከተበ ልጅ ካለ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ ሊተርፍ ይችላልና ለእናቱ መልእክት ላኪላት፤ ማፈር የለም። ከዳነም በኋላ ለወራት ሌላ በሽታ ይደፍረዋል፤ ኩፍኝ ሰውነት ቀድሞ የለመደውን መከላከያ ያስረሳዋልና ምግቡን አብዢለት።

6. ለክትባቱ ስትሄጂ ጤና ኬላ ላይ “ልጆች እስኪሰበሰቡ ቆዪ” ቢሉሽ አትቆጪ። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ለ1 ልጅ መክፈት ስለሚከብዳቸው ነው። ስለዚህ ብቻሽን አትሂጂ፤ ማልደሽ በየደጁ እየተጣራሽ የጎረቤቶችሽን ልጆችም ይዘሽ ሂጂ። እኛም ከብት ስንከትብ በረዶ የያዘውን ሣጥን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠን እንዲሁ እንጣራ ነበር።