የተራራዋ ሊሊ አዳማ ስትወርድ

አዳማ ላይ ሊሊ ተክለው ቅጠሏ ከጫፉ ጀምሮ የደረቀባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከሱት ፀሐይን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው በምን ውሃ እንዳጠጧት ነው።

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በወንጂ አካባቢ የስንቱን ሰው ጥርስ ያበለዘው ይኸው ነው። በሊሊ ላይ ሲሆን ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ያቃጥላል። ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ በሮቶ ወይም በበርሜል ይያዙ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ። ለሁለት ሦስት ማሰሮ አበባ አንድ በርሜል ብዙ ያቆያል።

በአፈር በኩል ነገሩ ይቀላል። የጃፓኗ የተራራ ሊሊ፣ በነጭ የአበባ ቅጠሏ ላይ ወርቃማ መስመር የተሰመረባት ትልቋ አበባ፣ የሆንሹ ደሴት የእሳተ ገሞራ ተዳፋት ልጅ ናት። አዳማም የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባነጠፈው ላይ ነው። ግንበኛ የሚያውቀውን ሬድ አሽ ነፍተው ዱቄቱን ይጣሉ፤ የቀረውን ጠጠር በደንብ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር እኩል ቀላቅለው ጥቂት አፈር ይጨምሩበት። የከሰል ምድጃ አመድ ግን ከዚህ አመድ ጋር ዝምድና የለውም፤ የአፈሩን አሲድነት ስለሚያጠፋ ማሰሮው አጠገብ አይድረስ።

አምፖሏን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደታች ይቅበሯት፤ ከአምፖሉ በላይ ያለው ግንዷም ሥር ያወጣል። ማሰሮው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ የሚጠለል በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ውሃው በማሰሮው ሥር ካልወጣ አምፖሏ ትበሰብሳለች።

ብዙዎችን የሚያሳዝነው ሁለተኛው ዓመት ነው፦ ቅጠል ብቻ! ሊሊ ለማበብ ብርድ ትፈልጋለች፤ የአዳማ ሌሊት ደግሞ አይበቃትም። ቅጠሏ ሲደርቅ አምፖሏን አውጥተው በእርጥብ ሰጋቱራ ጠቅልለው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሯት፤ በረዶ ማድረጊያው ውስጥ ግን አይደለም። ሙዝና ፖም አጠገቧ አያስቀምጡ፤ ከእነሱ የሚወጣው ጋዝ ያበላሻታል። በጥቅምት ስትተከል ዋናውን ሙቀት ቀድማ ታድጋለች።

ግንዷ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የአዳማ ንፋስ ለአበባ አይራራምና ቀድመው የሸምበቆ ድጋፍ ይትከሉላት። ድመት ያለበት ቤት ግን ሊሊን ጭራሽ አያስገባ፤ ብናኟ እንኳ የድመትን ኩላሊት ይገድላል።

ፍሪጁም በርሜሉም ከበዛብዎ የእኛውን የጅብ ሽንኩርት ይሞክሩ። በጋውን መሬት ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ ዝናብ ሲነካው ሊሊ የመሰለ አበባ ያወጣል። አምፖሉ መርዝ ነውና ልጆች ከማይቆፍሩበት ጥግ ይትከሉት።