ሽርክናው ሳይጀመር ሒሳቡ ይጻፍ
የንግድ ሕግ ትምህርት ለነጋዴዎች

በዳባትና በደባርቅ ገበያ ሁለት ሰዎች ተማምነው አብረው መነገዳቸው የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው መጋዘንና ፈቃድ ያቀርባል፤ ከደረስጌና ከጃናሞራ ከፍታ የሚመጣውን ገብስና ባቄላ ሰብስበው ወደ ጎንደር ይጭናሉ። ትርፉ ሲገኝ እኩል ይካፈላሉ። ውል ግን የለም፤ ቢጠየቁ መልሳቸው «ከወንድም ጋር ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ነው።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለው ይታሰብ። አንዱ ነጋዴ 200,000 ብር ይሰጣል፤ ሌላው ንግዱን በራሱ ፈቃድ ያንቀሳቅሳል። በሁለተኛው ዓመት ከትርፉ አሮጌ አይሱዙ ይገዛሉ፤ ሊብሬው በባለፈቃዱ ስም ይወጣል። በሦስተኛው ዓመት ባለፈቃዱ ባቄላ በዱቤ ያነሣል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ አበዳሪውም ሁለቱንም ይጠይቃል። ገንዘብ የሰጠው «እኔ ያበደርኩ ነኝ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ትርፉን እንደተካፈልክ ኪሳራውንም ተካፈል፤ መኪናው ግን የእኔ ነው» ይላል። ወንድምነቱ በዚህ ቀን ያበቃል።

ብድር ነው ወይስ መዋጮ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ መሆኑን ይደነግጋል። ስለሆነም ወረቀት የሌለው ሰው «አበድሬ ነበር» ማለቱ ብቻ አይበቃውም። በየዓመቱ ትርፍ ሲካፈል መቆየቱም ይበልጥ የሸሪክነት ምልክት እንጂ የአበዳሪነት አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 «ተራ የሽርክና ማኅበር» የሚባለውን አስቀርቷል። ዛሬ ለሁለትና ለሦስት ነጋዴዎች በዋናነት የሚቀርቡት አማራጮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የእሽሙር ማኅበር ነው። ይህ በሸሪኮቹ መካከል ብቻ የሚታወቅ፣ በንግድ መዝገብ የማይገባና ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ነው። ከውጭ ሰው ጋር የተዋዋለው ሸሪክ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሽርክናው በአደባባይ ከታወቀ በሦስተኛ ወገን ፊት እንደ እውነተኛ ሽርክና ሊቆጠር ይችላል። ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ነጋዴዎች ገበያው ሁሉ «ሸሪኮች» እያለ ሲጠራቸው ስለኖረ፣ ተደብቆ መቅረት ያስቸግራቸዋል።

ሁለተኛው የኅብረት ሽርክና ማኅበር ነው። በጽሑፍ ይቋቋማል። ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ በግል ሀብታቸው ጭምር ኃላፊ ናቸው። አንዱ የፈረመው ዱቤ የሌላውን መኖሪያ ቤት ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ከ2 እስከ 50 አባላት ይኖሩታል፤ አባሉም በመሠረቱ ካዋጣው በላይ አይጠየቅም። የማቋቋሚያ ሥራውና ወጪው ይበዛል፤ በዱቤ ለሚነግድ ሰው ግን የቤቱ አጥር ነው።

በገጠሩ የከብት ርቢ ወይም የእኩል እርሻ ያለ ወረቀት ሲሠራበት የኖረው ጉዳዩ በሁለት ሰዎች መካከል ስለሚያልቅ ነው። ላሟም ጥጃዋም በዓይን ይታያሉ። በንግድ ግን አበዳሪ፣ ባንክና ግብር ሰብሳቢ አሉ። እነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን መተማመን አያውቁትም።

በውሉ ውስጥ የማይቀሩ ነጥቦች

1. መዋጮ። ጥሬ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን መጋዘኑ፣ መኪናውና ጉልበቱ በስንት ብር እንደተገመቱ ይጻፍ። ንብረቱ የማኅበሩ ይሁን ወይስ ለአገልግሎት ብቻ የቀረበ ይለይ።

2. ትርፍና ኪሳራ። ድርሻው በግልጽ ይቀመጥ። ትርፉን ሁሉ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ወይም አንዱን ከኪሳራ ነፃ የሚያደርግ ቃል በሕግ ዋጋ የለውም።

3. ሥልጣን። ዱቤ የሚፈርመው ማን ነው? ከስንት ብር በላይ ሲሆን የሁለቱ ፊርማ ያስፈልጋል?

4. ሒሳብ። መዝገቡ በየስንት ጊዜ ይዘጋል? የመዝገቡስ ቅጂ በማን እጅ ይቀመጣል?

5. መውጫ። አንዱ ልውጣ ቢል ወይም ቢሞት ድርሻው በምን ስሌት ይገመታል? ወራሾቹ ይገባሉ ወይስ ገንዘብ ይከፈላቸዋል?

አብዛኛው ሰው የሚዘለው አምስተኛውን ነው። የመለያያ ዋጋ የሚስማማው ግን ማን እንደሚወጣ ገና ባልታወቀበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ከጠብ በኋላ ሻጭ ሁሉ ያስወድዳል፤ ገዢ ሁሉ ያረክሳል። ውሉን ሁሉም ወገኖች ይፈርሙበት፤ ሁለት ምስክሮችም ይኑሩት።

ጠብ ከተነሣስ?

በመጀመሪያ ሒሳብ ይመርመር። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከክህደት ሳይሆን ካልተዘጋ መዝገብ ነው። ዱቤ መውሰድና ንብረት መሸጥ ለጊዜው ይቁም።

ቀጥሎ ሽምግልና ይሞከር። ሽማግሌ ያስታረቀው ጉዳይ ግን በቃል ብቻ ከቀረ ነገ ይካዳል። ስምምነቱ ተጽፎ ይፈረም። ክርክሩ በፍርድ ቤት ተጀምሮ ከሆነም የዕርቁ ውል ቀርቦ እንዲመዘገብ ማመልከት ይቻላል።

ዕርቅና የግልግል ዳኝነት አንድ አለመሆናቸውም ይታወቅ። አስታራቂ ያግባባል እንጂ አይፈርድም፤ የግልግል ዳኛ ግን ውሳኔው ያስገድዳል። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የግልግል ስምምነት በጽሑፍ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ይህ አንቀጽ ከሽርክናው ውል ጋር አብሮ ቢገባ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ፍርድ ቤት አለ። ሸሪክ ግዴታውን በከባድ ሁኔታ ካጓደለ፣ ወይም በሸሪኮች መካከል ከባድ አለመግባባት ካለ፣ ማኅበሩ በበቂ ምክንያት እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ማፍረስ ግን ዕዳን አያጠፋም፤ አስቀድሞ ባለገንዘቦች ይከፈላቸዋል፣ ለሸሪኮች የሚከፋፈለውም የተረፈው ነው።

ከላይ ለታዩት ሁለት ነጋዴዎች መኪናው በማን ስም እንደሆነና ገንዘቡ ምን እንደነበረ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት በመጀመሪያው ዓመት ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ በግማሽ በቀለለ ነበር። ወንድም ከወንድሙ ጋር ውል የሚጽፈው ስለማያምነው አይደለም፤ ወንድምነቱ ከንግዱ በላይ እንዲቆይ ነው።