ስለ እንዶድ፤ አበቃቀሉ፣ ጥቅሙና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ማወቅ ይገባዋል። በመርካቶ ከቅመማ ቅመምና ከባህል መድኃኒት ጋር በስፍር የሚሸጠው እንዶድ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቈጥረውም፤ ዝናው ግን ባሕር ተሻግሯል።

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ፣ በአጥርና በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቊጥቋጦ ነው። አበባው ጥቃቅንና ነጣ ያለ ሲሆን በረጅም ዘለላ ይወጣል፤ ፍሬውም በመጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል ይቀላል። ደርቆ የተወቀጠው ፍሬ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሣሙና አረፋ ይሰጣል፤ ይኸውም ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። የፋብሪካ ሣሙና ከመስፋፋቱ በፊት የአገራችን እናቶች ሸማ የሚያጥቡት በዚሁ ነበር። ዛሬም ቢሆን በሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ከሚገዙት መካከል ለነጩ ልብሳቸው እንዶድን የሚመርጡ አይታጡም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ይህ ለሕክምና ዓለም ታላቅ ግኝት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ ነበር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ይህንኑ እንደሚገድል አረጋግጦ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፓተንት መብት አገኘበት። በዚህም ምክንያት፣ ለዘመናት የእንዶድን ጠባይ ጠብቀው ያቆዩት እናቶች ድርሻ የት አለ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ።

ከዚህ ላኪዎች ሊወስዱት የሚገባ ትምህርት አለ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የዕፅዋት ዘረ መል ለምርምር ወስዶ ወደ ውጭ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ የውጭ ደንበኛ ጥቂት ዘር ወይም ቅርንጫፍ «ለናሙና» ሲጠይቅ፣ ላኪው እንደ ተራ ሸቀጥ ሳይቈጥረው አስቀድሞ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አተካከሉን በሚመለከት፣ እንዶድ ወንዴና ሴቴ ተክሉ የተለያየ ነው። በዘር የሚተከል እንደ ሆነ ፍሬ የማይሰጥ ወንዴ ሊበዛ ስለሚችል፣ ከመልካም ሴቴ ተክል ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ይሻላል፤ ሆኖም ፍሬ እንዲይዝ በአቅራቢያው ጥቂት ወንዴ ተክል ያስፈልጋል። ተመራማሪዎችም ከብዙ ዓይነቶች መካከል ቁጥር 44 የተባለውን ለኃይሉ መርጠውታል። ተክሉ ተንጠልጣይ በመሆኑ የሚደገፍበት እንጨት ወይም ሽቦ ይፈልጋል።

ፍሬው የሚለቀመው ቀይ ሳይሆን ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ኃይሉ ያን ጊዜ ይበልጣልና። ባለ ሱቅም ሲገዛ፣ ከመቅላቱ በፊት የተለቀመ፣ በሚገባ የደረቀ፣ ሻጋታና ባዕድ ነገር የሌለበት መሆኑን ይመርምር፤ እርጥበት በሌለበት ስፍራም ያስቀምጠው። ዱቄቱ ዓይንንና አፍንጫን ስለሚያስቈጣ ሲወቀጥ መሸፈን ያሻል። ዓሣን ስለሚገድልም ዝቃጩ ወደ ወንዝ አይጣል። በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥም የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ክብሩን የሚጠብቅ ነጋዴ ከዚህ ይራቅ።

እንግዲህ እንዶድ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ባለቤቱ ያላወቀውን ዕቃ ሌላው ያውቅበታል። የዕቃውን ደረጃ ለይቶ፣ ምንጩን መዝግቦና ሕጉን አውቆ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ራሱንም አገሩንም ይጠቅማል።