ትልቁ የበቆሎ ራስ ትልቅ ልጅ ይወልዳል?

ጣርማ በር ጫፍ ላይ ብርዱ ስለሚበረታ የሚዘራው ገብስና ባቄላ ነው። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ግን አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ማሽላና በቆሎ እናገኛለን። የዛሬው ትምህርታችን ስለ በቆሎ ዘር አመራረጥ ነው።

ገበሬ በቆሎውን ሲሰበስብ ትልልቁን ራስ ለዘር ይለያል። ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ ጢሱ ነቀዝ ይከላከልለታል። ይህ ከአባቶች የመጣ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ያ ራስ ትልቅ የሆነው ዘሩ ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ የበቀለበት ቦታ ስላደላው?

እስቲ ከበረት አጠገብ ያለውን ጓሮ ተመልከቱ። ፍግና አመድ የጠገበ መሬት ነው። እዚያ የበቀለ በቆሎ ዘሩ መናኛ ቢሆንም ይወፍራል። ጥሩ ዘር ደግሞ ጭንጫ ላይ ወድቆ ይቀጭጫል። ፍግ ከእናት ወደ ልጅ አይወረስም። ስለዚህ ከጓሮው ብቻ የለየ ሰው ዘር መረጥኩ ብሎ ፍግ መርጦ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የዘሩንና የመሬቱን ድርሻ በምን እንለይ? በቁጥር። ከአንድ ማሳ ሳትመርጡ 20 ራስ ውሰዱና የእያንዳንዱን ፍሬ ቁጠሩ። አንድ በአንድ መቁጠር ያታክታል፤ የረድፉን ብዛት በአንድ ረድፍ ላይ ባለው ፍሬ ማባዛት ይበቃል። ድምሩን ለ20 ስታካፍሉ 300 ሆነ እንበል። ከዚያው ማሳ የመረጣችኋቸው ትልልቆቹ ደግሞ በአማካይ 400 ሆኑ። ብልጫቸው 100 ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም በአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱን መስመር ከተራው፣ አንዱን ከተመረጠው እያፈራረቃችሁ ዝሩ። አረሙም ኩትኳቶውም እኩል ይሁን። ሲደርስ የተራው ልጆች 300፣ የተመረጠው ልጆች 320 ፍሬ ቢይዙ፣ ከ100ው ብልጫ ለልጅ የደረሰው 20 ነው።

20 ብቻ ብላችሁ አትናቁት። የበቆሎ ወንዴ አበባ አናቱ ላይ ነው። ዱቄቱን ነፋስ ይዞት ሄዶ በሌላው በቆሎ ጸጉር ላይ ያሳርፈዋል። እኛ የመረጥነው እናቲቱን ብቻ ነው፤ አባቱን የመረጠው ነፋስ ነው። እናት ለልጅ የምታወርሰው ደግሞ ግማሹን ነው። ስለዚህ 20ን በ2 እናባዛለን፤ 40 ይሆናል። ከ100ው ብልጫ 40 ያህሉ ከዘሩ ነበር ማለት ነው። ቀሪው 60 በአብዛኛው የመሬቱ፣ የፍጉና የአረሙ ሥራ ነው። ሊቃውንት ይህን የዘር ድርሻ የውርስ መጠን ይሉታል። ዝናብ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ቆጠራውን መደጋገም ያስፈልጋል።

ሳይቆጥሩም የመሬቱን ማታለል መቀነስ ይቻላል። በአሜሪካ አገር፣ በነብራስካ፣ ጋርድነር የሚባል ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዘዴ አለ። ማሳውን በገመድና በችካል ወደ ትናንሽ መደብ መከፋፈል፣ ከየመደቡም የበለጠውን መውሰድ ነው። በአንድ መደብ ያሉት አንድ ዓይነት መሬት ስለሚበሉ፣ ከእነሱ መካከል የበለጠው ብልጫው ከዘሩ የመሆኑ ነገር ይጎላል። ከጭንጫው መደብም ይወሰዳል። ጎረቤቱ ሞቶበት ብቻውን የቆመውን ግን ተዉት፤ የሁለት ሰው ቀለብ በልቶ ነው የወፈረው!

ዘሩ ከብዙ ራስ ይሁን። ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ ይጋባ የለ? በቆሎም ከዘመዱ ጋር ሲዳቀል ልጁ ይደክማል።

ይህ ሁሉ ድቅል ላልሆነ በቆሎ ነው። ከባኮ ምርምር ማዕከል በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢ ኤች 660 ድቅል ነው። የድቅል ዘር በየዓመቱ ይገዛል። ከማሳ ለይተን መልሰን ብንዘራው ምርቱ ይቀንሳል።

መልመጃ፦ የማሳው አማካይ 280 ፍሬ፣ የተመረጠው 360 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የተራው ልጆች 280፣ የተመረጠው ልጆች 292 ያዙ። ከ80ው ብልጫ የዘሩ ድርሻ ስንት ነው?