ሐያእ እና የጡት ምርመራ፦ ፍርሃታችንን በስሙ እንጥራው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በእህቶች መካከል በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይነገር ነው፤ እሱም የጡት ካንሰር ምርመራ ነው። በሀገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በሽታው ሲገኝባቸው፣ 670 ሺህ ያህል ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሽታው ገና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ሕክምናው ይቀላል፣ የመዳን ተስፋውም ይሰፋል። በኛ ሀገር ግን አብዛኞቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የገንዘብና የሕክምና ቦታ እጥረት ለዚህ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ አቅሙና አጋጣሚው እያላቸው የማይሄዱ እህቶችም አሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ የሰማሁት ሁሉ በአራት ፍርሃቶች ይጠቃለላል። መፍራት በራሱ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ስሙ ያልተጠራ ፍርሃት መልስ አይገኝለትምና አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛው የሕመም ፍርሃት ነው። ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ ነው። ጡት በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች መካከል ሆኖ ይጫናል። የሚጫነውም ምስሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣና የጨረሩ መጠን እንዲያንስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ ጫናው በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። እኔ ምርመራውን አድርጌዋለሁና ምንም አይሰማም ብዬ አልዋሽም። ጠንከር ያለ የመጨፍለቅ ስሜት አለው፤ ነገር ግን ቢስሚላህ ብዬ ዚክር እንደጀመርኩ ተለቀቀ። ሕመሙን የሚያቀልሉ ነገሮችም አሉ። የወር አበባ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ጡት ብዙ አይነካካምና ቀጠሮውን በዚያ ጊዜ መያዝ ይጠቅማል። በዕለቱ በብብትና በጡት ላይ ዶድራንት፣ ፓውደር ወይም ቅባት አይደረግም፤ በምስሉ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ሊታይና ሊያሳስት ይችላልና። ባለሙያዋንም "ቀስ በይልኝ፣ አመመኝ" ማለት መብታችን ነው።

ሁለተኛው የዐውራ ጉዳይ ነው፤ ይህ ለብዙዎቻችን ከሕመሙ ይበልጣል። ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናልና ይህን ስሜት የሚንቅ አይኑር። ሆኖም ሐያእ የተሰጠን ክብራችንን እንድንጠብቅበት እንጂ ሕይወታችንን እንድናጣበት አይደለም። ዑለማዎችም ጉዳዩን ያለ መልስ አልተውትም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. (በ1414 ሂጅራ) በብሩኔይ ባደረገው ጉባኤ ሴት ታካሚን ስለ ማከም ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔው መሠረት ሙስሊም የሆነች ሴት ሐኪም ካለች እሷ ትቀደማለች፤ ካልተገኘች ሙስሊም ያልሆነች ታማኝ ሴት ሐኪም፣ እሷም ከሌለች ሙስሊም ወንድ ሐኪም፣ ያም ካልተገኘ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ሐኪም ሊያያት ይችላል። ወንድ ሲሆን የሚታየው ለምርመራው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው፤ ኸልዋም እንዳይሆን ባሏ፣ መሕረሟ ወይም የምትታመን ሴት አብራት ትገኛለች።

እንግዲህ በሩ አልተዘጋም። ከመሄዳችን በፊት "ራጁን የምታነሳው ሴት ናት ወይ? በየትኛው ቀን ትገኛለች?" ብለን እንጠይቅ። ከጅልባብ ስር ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ከተለበሰ የሚወልቀው የላይኛው ብቻ ይሆናል። ነጠላ ወይም ሻርፕ ይዞ ገብቶ ተራው ያልደረሰውን ጡት መሸፈንም ይቻላል።

ሦስተኛው የውጤት ፍርሃት ነው። "ካልተመረመርኩ ምንም የለብኝም፤ ከሄድኩ ግን ይገኝብኛል" የሚል ስሜት በብዙ ልቦች ውስጥ አለ። ምርመራ ግን ያለውን ያሳያል እንጂ የሌለውን አያመጣም። በተጨማሪም ለሁለተኛ ምስል መጠራት ካንሰር አለ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው ከ100 ተመርማሪዎች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፤ ከተጠሩት መካከል ግን ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ የተጠራች እህት ከመሸበር ይልቅ ጉዳዩን ተከታትላ እንድትጨርስ ያስፈልጋል። በሽታው ቢገኝ እንኳ የሚተላለፍ አይደለም፤ የሰውን ክብርም አይቀንስም።

አራተኛው በዲን ስም የሚቀርበው ነው፤ "አላህ የጻፈው አይቀርም፣ ለሱ ሰጥቼዋለሁ" የሚለው። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው። ነገር ግን በ18 ሂጅራ የሻምን ምድር ወረርሽኝ በመታው ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ የወረርሽኙን ዜና ሰምተው ከሰዎቻቸው ጋር ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መለሱላቸው። ሰበብ ማድረስና ተወኩል እንደማይጋጩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒቱን ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል። ሩቅያ፣ ዘምዘምና ጥቁር አዝሙድ መልካም ናቸው፤ ከምርመራው ጋር አብረው ይሂዱ እንጂ እሱን አይተኩት።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለው ምርመራ ምልክት ለሌላት ሴት ነው። በጡት ወይም በብብት ውስጥ ጓጓላ የዳሰሰች፣ የጡቷ ቆዳ የተሰረጎደባት፣ የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ የገባባት ወይም ደም ያፈሰሰባት እህት ግን ቀጠሮ ሳታራዝም ሐኪም ዘንድ ትሂድ። አብዛኞቹ እብጠቶች ካንሰር አይደሉም፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ማሞግራም ሁሉንም አያይም፤ በተለይ በወጣት ሴቶች ጡት ላይ አልትራሳውንድ ሊያስፈልግ ይችላል። ጊዜውን በተመለከተ ሀገሮች ይለያያሉ። እንግሊዝ ከ50 እስከ 71 ዓመት ያሉ ሴቶችን በየ3 ዓመቱ በደብዳቤ ትጠራለች፤ የአሜሪካ ባለሙያዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት በየ2 ዓመቱ ይላሉ። በኛ በር ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይመጣምና መነሻው እኛው ነን። እናቷ ወይም እህቷ በዚህ በሽታ የተያዙባት ከዚያ በፊት ሐኪም ታማክር።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ ለወንድሞች ነው። ብዙ ሴቶች የሚፈሩት ራጁን ሳይሆን ባላቸው የሚላቸውን ነው። "ቢገኝብኝ ይፈታኝ ይሆን?" ያለችኝ እህት አንድ ብቻ አይደለችም። ስለዚህ "ሂጂ" ማለት አይበቃም፤ ቀጠሮውን አብራችሁ ያዙ፣ አብራችሁ ሂዱ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን ከጎኗ እንደማትለዩ አስቀድማችሁ ንገሯት። ከዚህ ቃል የበለጠ ፍርሃቷን የሚያቀልላት ነገር የለም።

እህቶቼ፣ አካላችን አማና ነው፤ አማናን መጠበቅ ደግሞ ዒባዳ ነው። አላህ ጤነኞቻችንን ይጠብቅልን፣ የታመሙትንም ሙሉ ሺፋ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።